ቁልቁል የሚሄድ ነገር ለምን ይዘገያል

እና ቁልቁል ነው፣ ስሌቱ የሚለው ቁልቁል ነው፣ ሃይድሮጅኑ ከአንዱ ብረት ከታንግስተኑ ተነስቶ ሌላው ብረት ቫናዲየሙ የያዘው ኦክስጅን ላይ ቢሻገር አዲሱ ትስስር ከአሮጌው ይጠነክራል፣ ሁለቱም ወገን ያርፋል፣ የሚከለክል የለም፣ ግን አይሻገርም፣ ሰዓት ይወስዳል፣ ቀን ይወስዳል፣ ለምን፣ ደረሰ ይህን ለምን የሚለውን በአራት ሰዓት ቡሬ ካምፓስ ቆሞ ማስረዳት አለበት፣ አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሚኒባሱ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ከወጣ ገና አስር ደቂቃው፣ በየደጃፉ በርበሬ ተሰጥቷል፣ ቀይ፣ የመንገዱ ዳር ሁሉ ቀይ፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ሰማንያ።

አትቁጠር።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፣ ወንድ በአርባ፣ ወንድ ብትሆን ኖሮ ድሮ ተነስታ ነበር፣ ሜላት ግን ሴት ነች፣ ነበረች፣ በሰባ ስምንተኛው ቀኗ፣ ረቡዕ ጧት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ እናቷ አምለሰት እቅፍ ላይ እንዳለች፣ ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ፣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እና ክርስትና ላልተነሳ ፍትሐት የለም፣ በጸሎት የሚጠራ ስም የለም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከዋንዛው ሥር ቆፈሩላት፣ ጉድጓዱ ለአንድ ቅርጫት አይበቃም፣ ቄስ አልቆመም፣ ዲያቆን አልቆመም፣ አባቷ በእጁ አፈር መለሰ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

እና አሁን ሃይድሮጅን።

የታመመች ልጅ ግን ሰማንያ ቀን አትጠበቅም፣ ይህን አገር ሁሉ ያውቃል፣ ሕፃን ከታመመ በአስር ቀኑም ቢሆን ቄስ ይጠራል፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ውኃ ይባረካል፣ ይጠመቃል፣ አለቀ፣ ስለዚህ ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ቄስ ለምን አልተጠራም፣ የሚጠይቁት ደግሞ አምለሰትን ነው፣ አባትን ማን ይጠይቃል፣ አባት የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ ማስተርሱን ሊይዝ ነው፣ የልጇን ትኩሳት የምታውቅ እናት ነች፣ ይላሉ።

ዛሬ ጧት ቦርሳውን ሲያነግት አማቱ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ መርዶውን ሰምተው ከጅጋ በእግራቸው የመጡት፣ በሩን ዘግተው ቆመው ነበር፣ አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ግድግዳ አትይ፣ ቄስ ይሄይስ ከቅዳሴ መልስ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ፣ ተናዝዘሽ ቀኖናሽን ትቀበያለሽ፣ ልጅ ሳያስጠምቁ ለአፈር መስጠት ቀላል መሰለሽ፣ ስግደቱ ብቻ ወገብ ይቆርጣል፣ እኔ ስድስት ወልጀ፣ ሁለቱን ቀብሬ፣ አንዱንም ያለ ስም አልቀበርኩም፣ በይ ተናገሪ እንጅ፣ ቄስ መጥራት ምን ገደለሽ? አምለሰት ግድግዳውን ታያለች። ጡቷን በነጠላ ጠፍራ አስራዋለች፣ ነጠላው ርሷል፣ ወተቱ መርዶ አልደረሰውም። ደረሰ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉም ሰው ነበር። እሷ አልተናገረችም። እሱ፣ እትዬ መኪናው ያመልጠኛል፣ አለ።

መኪናው ያመልጠኛል።

ቄስ ጥራ ብላው ነበር። ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ጊዜ። አይሆንም ያለው እሱ ነው። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ግድግዳ ታያለች፣ አንዱ የሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ስለ ብረት ያስባል።

ለምን አትናገርም፣ እሱን ለመሸፈን ነው፣ ባሌ ከሰው ፊት እንዳያንስ ብላ ነው፣ ወይስ እየጠበቀችው ነው፣ መቼ እንደሚናገር እያየች፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ እየቆጠረች፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፣ ሁለቱም አንገት ያስደፋሉ፣ የመጀመሪያው ይብሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እኮ። አልጠራም ያልኩት እኔ ነኝ። አራት ቃል። ክፍል ውስጥ በቀን አምስት ሺህ ቃል ይናገራል።

አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ዶሮ በጉያዋ ይዛለች፣ የዶሮዋ ዓይን እሱ ላይ ነው፣ የሴትዮዋም፣ ምነው ልጀ፣ ፊትህ ጠፍቷል፣ ለቅሶ ነው? አዎ እናቴ። ማንን ነው? ልጄን። ውይ በሞትኩት፣ ስንት ዓመቱ? ሴት ናት፣ ሰባ ስምንት ቀኗ። ውይ፣ ውይ፣ ነፍሷን ይማር ልበል እንጅ ምን እላለሁ፣ ቆይ ግን፣ ሰባ ስምንት ካልክ፣ ክርስትናዋስ? እዚህም። እዚህም ያው ነው። ዶሮዋ ክንፏን ታራግፋለች፣ ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ይዛ ታስጎነብሳታለች፣ ደረሰ አፉ ብቻውን ሲናገር ይሰማዋል፣ ተነስታለች፣ ይላል፣ ታማብን በጊዜ አስነሳናት። ተመስገን፣ ተመስገን፣ እንዲያ ከሆነማ መልአክ ነች፣ ምን ታለቅሳለህ፣ የክርስትና ስሟን ንገረኝ፣ ነገ ገብቼ አስባታለሁ፣ የማላውቃትም ብትሆን። እህተ ማርያም፣ ይላል። ከየት እንዳመጣው አያውቅም። እህተ ማርያም፣ ትላለች ሴትዮዋ፣ በጣቷ ጉልበቷ ላይ እንደ መጻፍ አድርጋ፣ አትረሳኝም፣ እህቴም እሱ ነው ስሟ።

አሁን አንዲት የማያውቃት ሴት የሌለ ስም ይዛ ቡሬ ላይ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። ስሙ ወዴት ይሄዳል። የሚቀበለው ማን ነው።

የካምፓሱ በር ላይ ይፈተሻል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ባምላኩ ከሩቅ አይቶት እየሮጠ ይመጣል፣ የክፍል ጓደኛው ነው፣ ቡሬ ተወልዶ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ የሚል፣ ዛሬ ግን ቀልዱ ሁሉ መንገድ ላይ ይፈስበታል፣ ደሬ፣ አንተ ጀለሴ፣ ምን ልትሠራ መጣህ፣ ዶክተሩ እኮ አትምጣ ብሎሃል፣ ወር ሙሉ አራዝሜለታለሁ ብሎ ለሁላችንም ነግሮናል። አውቃለሁ። ታዲያ? ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ባምላኩ ትከሻውን ይመታዋል፣ በቃ ግባና ገላግለን፣ እኛም ያንተን ቫናዲየም ስንሸሽ ነው የከረምነው።

ቤት ውስጥ ግን፣ አላራዝምም አሉ፣ ብሎ ነው የወጣው፣ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ የካምፓሱን ሰዎች ረግመዋል፣ አረመኔዎች፣ የልጁ አፈር ሳይደርቅ፣ ብለዋል። አንድ ውሸት ሌላ ውሸት ይዞ ይመጣል፣ እንዲህ ነው መንገዱ፣ በዚያ በኩል ግን የሚያዘገይ ጉብታ የለም።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። አስራ ሁለት ሰው። ዶክተር ወንዳወቅ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ብዕራቸውን ያሽከረክራሉ፣ በዓይናቸው፣ ጀምር፣ ይሉታል፣ በዓይናቸው ደግሞ፣ ባትጀምርም ግድ የለም፣ ይሉታል። ደረሰ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ በአማርኛ ያስባል፣ ርእሱ፣ የሽግግር ብረቶች ሃይድራይድ ከከፍተኛ ቫለንሲ የብረት ኦክሶ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል፣ በአንድ ወገን ሃይድሮጅን የታቀፈ ብረት አለ፣ በሌላ ወገን ኤሌክትሮኖቹን የተነጠቀ ብረት፣ የተራበ፣ ኦክስጅን በሁለት እጁ የጨበጠ፣ ሃይድሮጅኑ ከታቀፈበት ወደ ተራበው ሊሄድ ይችላል፣ በሦስት ዓይነት፣ ራቁቱን፣ ፕሮቶን ብቻ ሆኖ፣ ወይም አንድ ኤሌክትሮን ይዞ እንደ ሙሉ አቶም፣ ወይም ሁለት ይዞ፣ የሚሄድበትን የሚወስነው የሚሰጠው ብቻ አይደለም፣ የሚቀበለውም ነው፣ የሟሟበት ፈሳሽም ነው፣ ድምፁ ደህና ነው፣ የገዛ ድምፁን ይሰማዋል፣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ፣ እንደ ሬዲዮ፣ አምለሰት ግድግዳ ታያለች፣ ቀጣዩ ስላይድ።

ብርድ ልብሷ ሰማያዊ ነበር። ከሷ ጋር አልቀበሩትም። የት እንዳስቀመጡት አያውቅም።

ቀጣዩ ስላይድ። ሠንጠረዥ። የትስስር ጥንካሬ፣ የብረትና የሃይድሮጅን ይህን ያህል፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ከዚያ በላይ፣ ስለዚህ ቁልቁል ነው፣ ዶክተር ወንዳወቅ ብዕራቸውን ያቆማሉ፣ ደረሰ፣ አንድ ጥያቄ፣ በአማርኛ ልጠይቅህ፣ ቁልቁል ከሆነ ለምን አይሮጥም፣ ድንጋይ ገደል አፋፍ ላይ ብትለቀው ይወርዳል እንጅ ሁለት ቀን አያስብም። አዎ ዶክተር። ይህን ያውቃል፣ ይህን ከሁሉ ይበልጥ ያውቃል፣ ዶክተር፣ አፋፉ ላይ ጉብታ አለ፣ ኦክሶው ሃይድሮጅኑን ከመቀበሉ በፊት ራሱ መለወጥ አለበት፣ በሁለት እጁ የጨበጠውን ኦክስጅን ማላላት፣ ትስስሩን ማርዘም፣ ገና ምንም ሳይቀበል፣ ሰጪውም እንደዚያው፣ ገና ሳይሰጥ ቅርጹን መቀየር አለበት፣ ደግሞ ሁለቱም ዙሪያቸውን በሌላ ነገር ታጥረዋል፣ ወፋፍራም የአቶም ቡድኖች ከበዋቸዋል፣ ተያይተው እንኳ አይነካኩም፣ ዋጋው በቅድሚያ ነው የሚከፈለው፣ ትርፉ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ይዘገያል። ጥሩ፣ ይላሉ ዶክተር ወንዳወቅ፣ ታዲያ ጥናቱን ያሳተሙት ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? ጠበቁ፣ ይላል ደረሰ። ጠበቁ?

ጠበቁ።

ቃሉ አፉ ውስጥ ይቀራል፣ እንደ ጠጠር፣ እነሱ ቢጠብቁ ምናለ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው አይታመምም፣ ትኩሳት የለውም፣ ቀለሙ እስኪለወጥ ቁጭ ብለው ማየት ነው ሥራቸው፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ፣ እሱም እንደነሱ ነው የተናገረው፣ ማክሰኞ፣ ሦስት ቀን ነው የቀራት አምለሰት፣ ጉንፋን ነው፣ ሽሮፕ ጀምራለች፣ እህቴ ሠርክአዲስ ከግሽ ዓባይ ሐሙስ ትገባለች፣ መንገዱ ከተከፈተ፣ ክርስትና እናቷ እሷ አይደለችም እንዴ፣ እሷ ሳትኖር ማን ይቀበላታል፣ ከቄሱ እጅ ማን ይቀበላታል፣ እና ደግሞ ቄስ ቤት ድረስ የሚጠራው ለሚሞት ነው፣ ልጄን በአፍሽ አትግደያት። እንዲህ ነው ያለው። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ይለዋል፣ ለእህቴ ብዬ ነው፣ ሟርት ፈርቼ ነው፣ ማንም አባት ይፈራል። ከዚያ በኋላ ያለውን አይደግመውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር፣ ሲመጣበት፣ ሃይድሮጅን ይላል።

ደረሰ፣ ቀጥል፣ ካልከበደህ። ቀጣዩ ስላይድ።

ሁለት ታንግስተን። ሃይድሮጅናቸውን የሰጡ፣ ባዶ እጃቸውን የቀሩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ተንጠልጥሎባቸው፣ እና በመካከላቸው አንድ መስመር፣ ሁለቱ ወዲያው እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ይህኛው እርምጃ ፈጣን ነው፣ ጉብታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሃይድሮጅን የጎደላቸው ሁለቱ ሲገናኙ መያያዝ ነው፣ መስመሩን ራሱ ነው የሣለው፣ በማውሱ፣ ሁለቴ ተንጋዶበት አስተካክሎታል፣ መቼ፣ ማክሰኞ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አምለሰት በሩ ላይ ቆማ፣ ልጅቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ደረሰ፣ ትንፋሿ ልክ አይደለም፣ ቄስ ጥራ፣ እያለችው፣ እሱ ይህን መስመር እያስተካከለ ነበር፣ ቀና አላለም፣ ይህን መስመር።

ውሸት ነው፣ ይላል ጮክ ብሎ። በአማርኛ። አስራ ሁለት ሰው ያየዋል። ዶክተር ወንዳወቅ፣ ምኑ፣ ዳታው? አይ፣ ዳታው ትክክል ነው ዶክተር፣ እነሱ ትክክል ናቸው፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ አለብኝ፣ ቄስ ቀጥረውናል፣ ላፕቶፑን ሳያጠፋው ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል፣ ባምላኩ ገመዱን ነቅሎ ይሰጠዋል፣ ዶክተር ወንዳወቅ ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ለሰው እንደሚነሳ፣ ለሬሳ እንደሚነሳ፣ ሂድ ልጄ፣ ይላሉ፣ ሂድ።

ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ቡሬ መናኸሪያ። ሚኒባሱ አልሞላም፣ ካልሞላ አይወጣም፣ አራት ሰው ይቀራል፣ ሁለት ይመጣል አንድ ይወርዳል፣ ሦስት ይቀራል፣ ጋሼ፣ በእናትህ፣ የሦስቱን ቦታ እኔ ልክፈልና ውጣ፣ ለሾፌሩ ነው የሚለው፣ አይ ወንድሜ፣ ወረፋ ነው፣ ወረፋ እንዳላበላሽ፣ ምን ቸኮልክ፣ ሚስት ወለደች? ይስቃሉ። እሱም አፉን ይከፍታል፣ ሳቅ እንዲመስል። ሰዓቱ ይሄዳል። የቤቱ ስልክ አይሠራም፣ ኔትወርኩ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ቢሠራስ፣ ይህ በስልክ የሚነገር ነው፣ እትዬ ቢያነሱት ምን ይላል፣ ቄሱን አቆዩልኝ? ለምን ልጀ? ለምን።

እሷ ትናዘዛለች። አባ፣ ቄስ ሳልጠራ ቀረሁ፣ ትላለች፣ እሱ እንዳይዋረድ፣ በእግዚአብሔር ፊት ትዋሻለች፣ ያልሠራችውን ኃጢአት ትሸከማለች፣ በአራስ ወገቧ ትሰግዳለች፣ አንድ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ደረቷ መሬት በነካ ቁጥር ወተቱ ይፈሳል፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማሪ ፈተና ያርማል። ዓመት ይሄዳል። ማንም አያውቅም። ይቻላል እኮ፣ ይህ ነው የሚያስፈራው፣ ይቻላል፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ዝም ማለት ብቻ ነው።

አይሱዙ በርበሬ ጭኖ በመናኸሪያው በር ያልፋል። ደረሰ ይሮጣል። ወደ ፍኖተ ሰላም ነህ? ነኝ፣ ግን ጋቢናው ሙሉ ነው። ከጆንያው ላይ እወጣለሁ። ያስነጥስሃል መምህር። ያስነጥሰኝ።

ያስነጥሰዋል። ዓይኑ ያነባል፣ በርበሬው ነው፣ ከጆንያው አቧራው ይነሳል፣ ነፋሱ ፊቱ ላይ ይደፋዋል፣ ያነባል፣ ያስነጥሳል፣ ያነባል፣ ጆንያ አቅፎ፣ ከረቡዕ ወዲህ እንዲህ አላነባም፣ በርበሬ ነው፣ ማንኩሳ ላይ ፍተሻ አለ፣ ውረዱ፣ መታወቂያ፣ ቦርሳ ክፈት፣ ላፕቶፑ አልጠፋም ነበር፣ ክዳኑ ሲነሳ ሁለቱ ታንግስተን በመስመሩ እንደተያያዙ ያበራሉ፣ ፈታሹ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይህ ምንድን ነው? ኬሚስትሪ ነው። ፈንጂ? አይደለም። ለምን ታለቅሳለህ? በርበሬው ነው። ፈታሹ በርበሬውን ያያል፣ እሱን ያያል፣ ሂድ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ።

ከዚያ በኋላ ያለው። ይምጣ በቃ፣ ይምጣ፣ ጆንያው ላይ ማን ይሰማል። ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ እንደ ልመና፣ ደረሰ፣ በማርያም፣ ቄስ ጥራ፣ እሱ ደግሞ ከላፕቶፑ ቀና ሳይል፣ አሁን ቄስ ከመጣ ዲያቆን ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ቤቱ ይሞላል፣ አራስ ቤት ጠበል ይረጫል፣ ሌሊቱን ሁሉ ሰው ነው፣ መቼ ልጨርስ ነው፣ ዓርብ አቀርባለሁ አላልኩሽም፣ ገጽ ቀርቶኛል፣ ተይኝ፣ አለ። ተይኝ። እህቱም አይደለችም፣ ሟርቱም አይደለም። ገጽ ነው። እሷም ተወችው። ወደ ውስጥ ገባች፣ ልጅቷን ጀርባዋን እየመታች ዘፈነችላት፣ ሰምቷል፣ ስትዘፍን ሰምቷል፣ መስመሩንም አስተካክሏል።

ፍኖተ ሰላም አይሱዙው ከአስፋልቱ አይወጣም፣ ደረሰ ይዘላል፣ በኮብልስቶኑ ይሮጣል፣ ቦርሳው ጎኑን ይመታዋል፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው ህይወት፣ ጎረቤታቸው፣ ውኃ ተሸክማ፣ ጋሼ ደረሰ፣ ቄሱ ገብተዋል፣ ትለዋለች፣ ጋሼ፣ ደህና ነህ? ይሮጣል።

ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም፣ ላልተጠመቀች ድንኳን አልተተከለም፣ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሴቶች አሉ፣ ለክርስትናዋ ተብሎ የተዘጋጀውን ጠላ በጣሳ ይዘዋል፣ ሲያዩት ጣሳውን ያስቀምጣሉ። ቤት ውስጥ ቄስ ይሄይስ በርጩማ ላይ ናቸው፣ መስቀላቸው ጉልበታቸው ላይ፣ አምለሰት ሰሌኑ ላይ ተንበርክካለች፣ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከኋላዋ ነጠላዋን ያስተካክሉላታል፣ ሊወጡ ነው፣ ኑዛዜ ለብቻ ነው፣ ገና አልተጀመረም፣ ገና ነው።

አባ፣ ይፍቱኝ። እግዚአብሔር ይፍታህ ልጀ፣ ደረስክልን፣ በል እትዬን ይዘህ ውጣ፣ የሷን ልቀበል። የሷ የለም አባ። ምን? ቄስ ጥራ ብላኛለች፣ ሁለት ጊዜ፣ አልጠራም ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ምንም የላትም።

ወጣ። ወጣ እኮ።

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ፣ ከዚያ ፊታቸው ይለሰልሳል፣ እንባቸው ይመጣል፣ አየ ልጀ፣ አየ ያንተ ደግነት፣ አየሽ አንቺ፣ አየሽ ምን ዓይነት ባል እንደሰጠሽ፣ ያንቺን በራሱ ላይ ሲጭን፣ ከቡሬ ድረስ እየሮጠ፣ አፈር ልልበስልህ ልጀ። አይደለም እትዬ። ዝም በል ልጀ፣ ገብቶናል። ቄስ ይሄይስም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መልካም ነው፣ የባል ወግ ነው፣ ንስሐ ግን በውክልና አይሆንም፣ እያንዳንዱ የራሱን ነው፣ በል ውጣ።

አያምኑትም። ሦስት ቀን አፉ ውስጥ ያገላበጠው፣ ልቡን የበላው፣ ሲወጣ ደግነት ሆነ፣ አሁን ደግሞ ከበፊቱ የባሰ አደረጋት፣ ባሏ የሚሸፍንላት ኃጢአተኛ፣ ከደጅ ሴቶቹ ሲያንሾካሹኩ ይሰማል፣ ምስኪን፣ እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ይላሉ፣ እሱን ነው። አምለሰትን ያያታል። እውነት ነው በያቸው፣ በዓይኑ። አትልም። ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ታየዋለች፣ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው ቀጥ ብላ ስታየው፣ ትጠብቃለች። ግማሹን እንደተናገረ ታውቃለች። ደግ የሚያስመስለውን ግማሽ።

አባ፣ ይላል፣ ሥራ ነበረብኝ። ምን ሥራ ልጀ? ዛሬ ቡሬ የማቀርበው፣ ላፕቶፕ ላይ፣ እርስዎ ቢመጡ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ሳልጨርስ ያመሻል፣ ብዬ ነው፣ ትንፋሿ ልክ አይደለም አለችኝ፣ በማርያም አለችኝ፣ ቀና ብዬ አላየኋትም፣ ልጅቷን ቀና ብዬ አላየኋትም፣ ገጽ ቀርቶኛል፣ ተይኝ፣ አልኳት፣ ደግሞም ዛሬ የካምፓሱ ሰዎች አላስገደዱኝም፣ አትምጣ ነው ያሉኝ፣ ከሷ ፊት ሸሽቼ ነው የሄድኩት።

የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ እጅ ነጠላው ላይ ይቆማል። ማንም ሚስቱን ለመሸፈን እንዲህ ያለ ነገር አይፈጥርም፣ ይህ በፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲገባ ያያል፣ ዓይናቸው ከሱ ይነሳል፣ ወደ ልጃቸው ጀርባ ይሄዳል፣ እዚያ ይቀራል። ከደጅ አንዲት ሴት፣ ምን አለ፣ ምን አለ፣ ትላለች፣ ሌላዋ፣ እስ፣ ትላታለች።

ስንት ነበር የቀረህ? ትላለች አምለሰት።

ድምፅዋ ሻክሯል። መጀመሪያ አልገባውም።

ገጹ፣ ስንት ነበር የቀረህ?

አምስት፣ ይላል።

አምስት፣ ትላለች እሷ፣ እንደ መመዘን አድርጋ፣ አንገቷን ዝቅ ከፍ ታደርጋለች፣ ከዚያ ሳትዞር፣ እማ፣ ትላለች፣ ሰማሽ።

ሰማሁ ልጀ፣ ይላሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ትንሽ ሆነው፣ የት እንደሚቀመጡ እንደጠፋቸው፣ ሰማሁ፣ እኔ ልሙት፣ ሰማሁ።

አምለሰት እጇን ሰሌኑ ላይ ተመርኩዛ ትነሳለች፣ ማንም አይደግፋትም፣ እሱ እጁን ዘርግቶ መልሶ ይሰበስባል፣ በአጠገቡ ታልፋለች፣ የወተት ሽታ፣ በሩን አልፋ ትወጣለች፣ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ይከተሏታል፣ ሰሌኑ ላይ የጉልበቷ ቦታ ሁለት ጎድጓዳ ሆኖ ቀርቷል፣ ቄስ ይሄይስ በመስቀሉ ወደዚያ ያመለክቱታል፣ በል ና፣ ተንበርከክ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፣ አታሳጥር። ይንበረከካል። ማክሰኞ ነበር አባ፣ ይላል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እኔ ቁጭ ብዬ፣ እና ያኔ ከግቢው ይሰማዋል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያልወጣት ለቅሶ፣ ግድግዳ ስታይ የዋጠችው፣ መጀመሪያ እንደ ሳል ነው፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ሜላቴ፣ ትላለች፣ ሜላቴ፣ ልጄ፣ የኔ ልጅ፣ ጥራ ብዬልሽ ነበር፣ ጥራ ብዬልሽ ነበር እናቴ፣ ሴቶቹ ከአግዳሚው ሲነሱ ይሰማል፣ አሁን ያለቅሱላታል፣ ከሷ ጋር፣ ቄስ ይሄይስ መስቀሉን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ቀጥል አይሉትም፣ ተው አይሉትም፣ እሱም መሬቱን እያየ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ይላል፣ እኔ ቁጭ ብዬ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጅቷ ትከሻዋ ላይ